የጋሽ ይትባረክ እጅ

ጋሽ ይትባረክ ማረፋቸውን የሰማሁት ሽንኩርት ስልጥ ነው። ልጄ ምትኬ ከምትሠራበት ጤና ጣቢያ ደወለችና፣ «እማዬ፣ ያ ‹እርስዎ› እያለ ይጠራሽ የነበረው የኮምፒውተር ሰውዬ አርፏል አሉ። ትናንት ደብረ ወርቅ ተቀበረ» አለችኝ። እንባዬ ይወርድ ነበር፤ ግን የሽንኩርቱ ነው። መጀመሪያ በልቤ ያለፈውን ብናገር ሰው ይጸየፈኛል። ግን ልናገረው ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት። «እንግዲህ የሚያውቅብኝ የለም» ነው ያልሁት። ሰው ሞቶ፣ ያውም እሳቸው ሞተው፣ እኔ ተንፈስ አልሁ።

ከዚያ ወዲያ ግን እንቅልፍም እህልም እምቢ አለኝ።

እኔ ብዙ የተማርሁ አይደለሁም። ፊደል የቆጠርሁት ገና ልጃገረድ ሳለሁ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጬ ነው። አጻጻፌ ቢንሻፈፍ አንባቢ ይታገሰኝ። ፊደሉን ምትኬ አርማልኛለች፤ ነገሩን ግን አላስነካኋትም።

በዘጠናዎቹ አጋማሽ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤት የጽዳት ሠራተኛ ነበርሁ። ባሌ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ያለችኝ ምትኬ ብቻ ናት፤ ዐሥራ አራት ዓመቷ። ጽሕፈት ቤቱ ያን ዓመት ትልቅ ጭንቅ ላይ ወድቆ ነበር። የስንት ዘመን ሕፃን ስመ ክርስትና የተጻፈበት ባሕር መዝገብ፣ ክረምት ላይ ጣራው አፍስሶበት እንደ ገንፎ ሆኖ ተገኘ። ተርፎ የሚነበበው አልፎ አልፎ ነው። ደግነቱ ከዚያ በፊት አንድ የፕሮጀክት ልጅ የራሱን ኮምፒውተር ይዞ መጥቶ መዝገቡን ሁሉ ጽፎት ነበር። ፕሮጀክቱ ተዘጋ፣ ልጁም ማሽኑን ይዞ የት እንደ ገባ አይታወቅም። የቀረው ስድስት ዲስኬት ነው። ዲስኬቱን ከተማው ውስጥ ኮምፒውተር ባለበት ቤት ሁሉ አዞሩት። የትም ቢከፍቱት የሚታየው ሳጥን፣ ባዶ ቦታ፣ ሳጥን፣ ባዶ ቦታ ነው። አንዱ ዲያቆን፣ «ይህማ የተሰለፈ የሬሳ ሣጥን ይመስላል» ብሎ አማተበ።

ጋሽ ይትባረክን ያመጧቸው ያኔ ነው።

ቀጠን ረዘም ያሉ፣ ዐርባን የተሻገሩ ሰው ነበሩ። ብርድ አይወዱም፤ ሁለት ሹራብ ይደርባሉ። የላይኛው ክርኑ ላይ ተቀዷል፣ በቀዳዳው የታችኛው ይታያል። ኪሳቸው የሽምብራ ቆሎ አይጠፋውም። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ነበሩ፤ ኋላ አስኳላ ገብተው የሒሳብ መምህር ሆኑ። ኮምፒውተሩን ከመጽሐፍ ነው አሉ ለብቻቸው የተማሩት። የመጀመሪያ ቀን ሲመጡ ወለል እየወለወልሁ ነበር፤ ደጁ ላይ ቆሙ።

«ይግቡ እንጂ ጌታዬ» አልኋቸው።

«እርስዎ የወለወሉትን እኔ ላበላሽ? ይድረቅ። እስከዚያ ቆሎዬን እበላለሁ።»

ዞሬ ወደ ኋላዬ አየሁ፤ ሌላ ሰው ያለ መስሎኝ። በዕድሜዬ «እርስዎ» ያለኝ ሰው አልነበረም። ባሌ እንኳ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «አንቺ ሴትዮ» ነበር የሚለኝ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ጽዳት ነኝ።»

«እኔስ ምን ነኝ? የፊደል ጽዳት ነኝ። ባልደረቦች ነን» አሉና ቆሎ ዘገኑልኝ።

ስለ ዲስኬቱ የገባኝን ልናገር። ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው፤ ለኔ ማስረዳት ምን ግዴታ ነበረባቸው? ግን መጥረጊያ ይዤ ከኋላቸው ቆሜ ሳይ፣ ወንበር ሳቡልኝ።

«እትዬ የሺ፣ ማሽን ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ፊደል ቁጥሩን ይዞ የሚኖርበት ቤት አለው። የፈረንጅ ፊደል ጥቂት ስለሆነ አንድ ክፍል ይበቃዋል። የኛው ብዙ ነው፣ ሁለት ክፍል ይፈልጋል። ይህ ልጅ ግን ለያንዳንዱ ፊደል አራት አራት ክፍል ነው የሠራለት።»

«ምነው እንዲህ ለጋስ ሆነ?»

«እንዲህ ያለ አሠራርም አለ፤ የሚጠቀምበት ሰው ግን ብዙ አያጋጥምም። ከአራቱ ክፍል ሁለቱ ባዶ ነው። ሌላው ማሽን መጥቶ ያንኳኳል፣ ባዶውን ክፍል ያገኛል፣ ‹ሰው የለም› ይልና ሳጥን ሥሎ ይሄዳል።»

ፕሮግራም የሚጽፉበት ቋንቋ ይህን ባለ አራት ክፍል ቤት አያውቀውም አሉ። ስለዚህ ራሳቸው ሊያስተምሩት ያዙ፤ አራት አራት እየቆረጠ እንዲያነሳ፣ ባዶውን እንዲያልፍ፣ ሰው ያለበትን ብቻ ይዞ እንዲመጣ። ሦስት ቀን ሙሉ ሠሩ። አሁንም ሳጥን ነው። በአራተኛው ቀን በመዳፋቸው ግንባራቸውን መቱ።

«ሞኝ ነኝ እኮ እትዬ የሺ! ቤቱን ጀርባውን አዙሮ ነው የሠራው። እኔ ከፊት አንኳኳለሁ፣ ሰዎቹ በጓሮ ተቀምጠዋል!»

አንድ ነገር ገለበጡ፣ ተጫኑ። የማሽኑ መስኮት ላይ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» የሚል መጣ። የመዝገቡ የመጀመሪያ መስመር ነው። ብድግ አሉ።

«እልል ይበሉ እንጂ! ምን ቆመው ያዩኛል?»

እልልታዬን አቀለጥሁት። ዘበኛው አባ ጫኔ ዱላቸውን ይዘው እየሮጡ መጡ። «ምንድን ነው፣ ሙሽራ መጣ?»

«ልጆች መጡ አባ ጫኔ፤ የጠፉ ልጆች» አሉ ጋሽ ይትባረክ። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር።

ከዚያ ማረሙ ቀረ። ፕሮግራሙ አንዳንዱን ፊደል ይዘልላል ብለው ስለ ሠጉ፣ አንድ ሰው ከመስኮቱ እንዲያነብና እሳቸው ከመዝገቡ ፍርስራሽ ጋር እንዲያመሳክሩ ፈለጉ። መጀመሪያ ዲያቆኑን አስቀመጡት። እንደ ውኃ ያወርደዋል።

«ቆይ ቆይ፣ እዚህ ጋ ‹ገብረ ማርያም› አይልም እኮ፤ ‹ገብረ› ብሎ ነው ያቆመ።»

«ያው ገብረ ማርያም ነዋ መምህር፣ ሌላ ማን ሊሆን?»

«ገብረ ሥላሴስ? ገብረ ሕይወትስ? አንተ ነህ ክርስትና የምታነሳው?»

ከሰዓት በኋላ መጥረጊያዬን ተቀብለው ግድግዳ ላይ አስደገፉትና ወንበሩ ላይ እኔን አስቀመጡኝ። አፍሬ መሬት ብትውጠኝ ወደድሁ። እኔ እኮ ፊደል በፊደል፣ እንደ ሕፃን፣ «ወ፣ ለ፣ ተ» እያልሁ ነው የማነበው።

«እሱን ነው የፈለግሁት» አሉ። «ዲያቆኑ የሚያውቀውን ያነባል። እርስዎ ያለውን ያነባሉ። ያለውን የሚያነብ ዓይን ከየት ይገኛል?»

ሁለት ወር እንዲያ ተቀምጠን አነበብን። ቁልፎቹን አሳዩኝ፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ የተደገመ ፊደል ማጥፊያ፣ ማስቀመጫ። ስህተት ስናገኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ያደርጉ ነበር፤ ሁለት እጃቸውን መዳፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ይዘረጉና፣ «አስቀድሞ እጄን ልይ» ይላሉ። ከማሽኑ በፊት፣ ከልጁ በፊት፣ ከኔ በፊት፣ የራሳቸውን እጅ። መብራት ሲጠፋ እንኳ ከልማድ የተነሳ እጃቸውን ሲዘረጉ አባ ጫኔ አዩና፣ «ጋሼ፣ መብራቱም በእጅዎ ነው የጠፋ?» ብለው ሳቁባቸው። እሳቸውም ሳቁ። ግን ልማዱን አልተዉም።

አንድ ቀን እያነበብሁ ሳለሁ ጣቴ መስመሩ ላይ ቀረ። «ወ፣ ለ፣ ተ፣ ማ፣ ር፣ ያ፣ ም» ብዬ የአባቷ ስም ላይ ስደርስ የባሌ ስም ሆነ። የመጀመሪያ ልጄ ናት፣ የዝና። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና አንስቻት፣ በሦስት ዓመቷ ኩፍኝ ወሰዳት። ምትኬ የተወለደችው ከሷ አራት ዓመት ዘግይታ ነው። እሷንም ካህኑ ወለተ ማርያም አሏት፤ ስለዚህ መዝገቡ ላይ የአንድ አባት ሁለት ወለተ ማርያም አለ፤ አንዷ ሙት፣ አንዷ ሕያው። መዝገቡ ደግሞ መወለድን እንጂ መሞትን አይጽፍም።

«የርስዎ ልጅ ናት?» አሉኝ።

«አዎ» ብቻ አልሁ። ምትኬን መሰለቻቸው። ፈገግ ብለው፣ «እንግዲህ እዚህ የገባ ስም አይጠፋም፤ እኔ እያለሁ» አሉ።

የባሌ ታላቅ ወንድም አያ ደምሴ ነበር። የምንኖርበት ቤት የእናትና አባታቸው ነው፤ ባሌ ከሞተ ወዲህ ቃሉ የሱ ነው። አያ ደምሴ ምትኬን ለደብረ ኤልያስ ሰዎች ሊድራት ቃል ገብቶ ኖሯል። አስተማሪዎቿ ሰምተው ቀበሌ ነገሩ፤ ቀበሌው «ዐሥራ ስምንት ካልሞላት አይሆንም፣ ማስረጃ አምጣ» አለው። አንድ ጠዋት ደጄ ላይ ቆሞ፣

«የክርስትናው መዝገብ ለጥምቀት ሊታተም ነው አሉ» አለኝ። «ወለተ ማርያም፣ ዐሥራ ስምንት ዓመቷ። ጻፉልኝ እላቸዋለሁ፣ ይጽፉልኛል።»

«አያ! ያቺ እኮ የዝና ናት! የቀበርናት ልጅ!»

«ታዲያ ተነሥታ ‹እኔ ነኝ› ትላለች?» አለና ሳቀ። «አንቺም አፍሽን ሰብሰብ አድርጊ። ማን ቤት ነው የተቀመጥሽው?»

ያን ቀን ለጋሽ ይትባረክ ብነግራቸው፣ ከየዝና ስም ጎን «ዐረፈች» ብለው አንዲት ቃል ይጨምሩ ነበር። አንዲት ቃል! ነገሩ ያልቅ ነበር። ይህ የገባኝ ዓመት ቆይቶ ነው። ፈሪ ሰው ጭንቅላት የለውም፤ የሚያየው ቅርብ ያለውን ቀዳዳ ነው። የታየኝ ቀዳዳ ያን መስመር ማጥፋት ሆነ።

ጾመ ነቢያት ነበር፤ ቅዳሴው እኩለ ቀን ላይ ይገባል። ጽሕፈት ቤቱ ሰው አልነበረበትም፣ እሳቸውም ሄዱ። ጠዋት ፕሮግራሙ ላይ አንዲት መስመር አሻሽለው እንደገና አስኪደውት ነበር፤ «አሁን ንጹሕ ነው፣ የሁሉም ዲስኬት ባንድ ላይ ገጥሟል» ብለውኛል። ወንበሩ ላይ ተቀመጥሁ። የዝናን ፈልጌ አገኘኋት። ማጥፊያውን ተጫንሁ። አንድ ተጫንሁ፣ የመጨረሻው ፊደል ሄደ። አንድ ተጫንሁ፣ ሌላው ሄደ። ልጄን ሁለተኛ ጊዜ ቀበርኋት፤ አሁን ግን በገዛ ጣቴ። ከዚያ ማስቀመጫውን ነካሁ። ማሽኑ በፈረንጅኛ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ጋሽ ይትባረክ ሁልጊዜ የሚጫኑትን ቦታ ተጫንሁ። ዘጋሁት።

መጥፋቷን ላረጋግጥ ብዬ መልሼ ከፈትሁት።

ከላይ እስከ ታች የጥያቄ ምልክት። የዝና የለችም፤ ምትኬም የለችም፤ ማንም የለም። «በስመ አብ» የሚለው እንኳ ጥያቄ ምልክት ሆኗል። ወደ ታች ብወርድ፣ ብወርድ፣ ያው ነው። የአጥቢያው ልጅ ሁሉ።

ዘጋሁትና ወለሉን ወለወልሁ። ንጹሕ ነበር፤ ደግሜ ወለወልሁት።

እስካሁን ያወራሁት ሳላውቅ የሠራሁትን ነው። ዐውቄ የሠራሁት ይህ ነው። ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ መውጫ ሲደርስ፣ እሳቸው የዕለቱን ሥራ መጠባበቂያ ዲስኬት ላይ ይገለብጡ ነበር። እዚያ ዲስኬት ላይ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ደህናው ነበረ። የሰው ልጅ ስም ሁሉ እዚያ ነበረ። ዲስኬቱን አወጡና ሊከቱት ሲሉ እንደ ወትሮው፣

«ዛሬ ምን አለ እትዬ የሺ? ደህና ዋላችሁ?» አሉ፤ እኔንና ስሞቹን አንድ ላይ ማለታቸው ነው። እንዲህ እያሉ ይቀልዱ ነበር።

«ደህና ነን። ምንም የለ» አልሁ።

ከተቱት። ማሽኑ ክርር፣ ክርር፣ ክርር አለ። «ይቁም!» ለማለት ስንት ጊዜ ነበረኝ! መጥረጊያዬን ይዤ ቆሜ እስኪያልቅ ሰማሁት።

በማግስቱ ሲከፍቱት እዚያው ነበርሁ። አልጮሁም። መጠባበቂያውን ከፈቱ፣ እሱም ጥያቄ ምልክት ነው። የድሮዎቹን ስድስት ዲስኬቶች አወጡ፤ አራቱ ከዚያ ወዲህ በእርጥበት ተበላሽተው ኖሮ እምቢ አሉ። ከዲስኬቶቹ ወደ ማሽኑ የገለበጡትን ጥሬውን ደግሞ፣ እንዳይምታታ ብለው አጥፍተውት ነበር። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ።

«ፊደል ቤት ሲያጣ ነው ጥያቄ ምልክት የሚሆነው» አሉ፣ ለኔ ይሁን ለራሳቸው እንጃ። «ትናንት የቀየርኋት መስመር ናት። ሁሉንም ወደ አንድ ክፍል ከትታ ደፈጠጠቻቸው። እጄ ነው።» አንድ ክፍል ሲሉ ማሽኑ የጠየቀኝ ትዝ አለኝ፤ እሺ ያልሁት ለሱ ኖሯል።

የሰበካው ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። የሚመሩት አለቃ ጥበቡ ነበሩ። «ትናንት በቅዳሴ ሰዓት እዚህ ማን ነበር?» ሲሉ የሁሉም ዓይን እኔ ላይ አረፈ።

«እኔ ነበርሁ» አልሁ። «ወለል ነው የወለወልሁት። ማሽኑን አልነካሁም።»

አለቃ ጥበቡ ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ጋሽ ይትባረክ ቆሙ። «እሳቸውን ተዉአቸው። እኒህ ሴት ያለውን የሚናገሩ ሰው ናቸው፤ ሁለት ወር አብሬ ሠርቻለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«እንዴታ የሌላ የማን ይሆናል!» አሉ አለቃ። «ቅኔውን ጥለህ ብረት ስታገለግል ዋጋህ ይኸው ነው። ስንት የተከበረ ሰው አምኖህ!»

የታችኛውን ሹራባቸውን እጅጌ እየሳቡ መዳፋቸውን ሸፈኑት፤ ሕፃን ልጅ ሲገረፍ እንደሚያደርገው።

ሁለቱን ዲስኬት አዳኑ፤ አራቱ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ሁለት ሳምንት እየተመላለሱ ያቺን ጥፋት ፈለጉ። ፕሮግራሙን በወረቀት አሳትመው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። «እባክዎ እትዬ የሺ፣ ዓይኔ እየዘለለብኝ ነው፤ መስመር በመስመር ጣትዎን ያስቀምጡልኝ» አሉኝ። የፈረንጅ ፊደል ነው፣ አላውቀውም፤ ጣቴን ግን አስቀመጥሁ። የሌለ ጥፋት ሲፈልጉ ጣቴን ያስቀመጥሁላቸው እኔ ነኝ። አንድ መስመር ላይ ቆም ብለው ሲያልፉት «ተመስገን» እላለሁ። ምን ብዬ እንደማመሰግን እግዜር ይወቀው።

በመጨረሻው ቀን ማሽኑን በጨርቅ ሸፈኑት። ቆሎ ዘገኑልኝ። «እትዬ የሺ፣ ይቅር ይበሉኝ» አሉ። «የልጅዎን ስም እንኳ አላተረፍሁልዎትም።»

«እግዜር ይቅር ይበልዎ» አልኋቸው። እንዲህ አልሁ። ጎንበስ ብለው አመሰገኑኝ።

አያ ደምሴ ወረቀቱን አጣ። ደብረ ኤልያሶች ጠብቀው ጠብቀው ሌላ አገቡ። ምትኬ ትምህርቷን ጨረሰች፣ ነርስ ሆነች። ሰው ሲያመሰግናት ልቤ ይሞቅና ወዲያው ይቀዘቅዛል። ካንድ ጊዜ በላይ እናቶች የልጃቸውን የክርስትና ማስረጃ ፈልገው ጽሕፈት ቤቱ ድረስ መጥተው፣ ተበላሽቷል ሲባሉ አይቻለሁ። አንዷ፣ «ያለሱ ስም የቀረኝ ነገር የለም» ብላ ደጁ ላይ ተቀመጠች። ውኃ አመጣሁላት። ያመጣሁላት ውኃ ነው።

ምትኬ የደወለችልኝ ዕለት ማግስት በሚኒባስ ደብረ ወርቅ ሄድሁ። ሚስታቸውን ወይዘሮ አስካለን አይቻቸው አላውቅም ነበር። ለቅሶ ቤት ነው፤ ከሴቶቹ መሐል ተቀመጥሁ። ከማርቆስ መምጣቴን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ።

«ያ ማርቆስ ነው የገደለው» አሉ። «ሰውነቱን አይደለም። እዚህ ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር መጣለት፣ አስተምር ቢሉት ‹እጄ አይታመንም› ብሎ እምቢ አለ። ደብዳቤ ጽፎ እንኳ ሦስት ሰው ሳያስነብብ አያሽግም ነበር። ያን የፕሮግራም ወረቀት እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ እያወጣ ያየዋል። ‹አስካለ፣ አላገኘኋትም› ይለኛል።»

ሴቶቹ እስኪወጡ ጠበቅሁ። ከዚያ ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ የዝናን፣ አያ ደምሴን፣ የጥያቄ ምልክቱን፣ ዲስኬቱ ክርር ሲል ዝም ማለቴን። ያነሡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አላነሡኝም።

«ለሱ መንገር ነበረብሽ» አሉ።

«አዎ።»

«እኔ ምን ላደርገው ነው የምትነግሪኝ? ይቅር ልልሽ? የተበደለው እሱ፣ እኔ በምን ሥልጣኔ?» አሉኝ። «ይልቅ ሂጂና በሰው ፊት እንዳሳፈሩት፣ በሰው ፊት ተናገሪለት። ማኅተም ያለበት ወረቀት አምጪልኝ። ልጆቹ የአባታቸውን እጅ ይወቁት።»

ቤቴ ስገባ ለምትኬ ነገርኋት። እውነት ልናገር፤ ትታቀፈኛለች ብዬ ነው። «ላንቺ ብዬ ነው ልጄ» አልኋት።

የያዘችውን አስቀመጠች። «መስመሩን ያጠፋሽው ለኔ ነው። እሱን እሺ» አለች። «ዝም ያልሽውስ? እኔ ዐሥራ ስምንት ሞልቶኝ፣ ተመርቄ፣ አጎቴም ሞቶ፣ ያ ሰውዬ ሦስት ሰዓት መንገድ ላይ በሕይወት እያለ? እሱን በኔ አታሳብቢ እማዬ። ከሱ እኔን አውጪኝ።»

አወጣኋት። እዚህም የምጽፈው አውጥቻት ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሰበካው ጉባኤ ፊት ቆምሁ። ግማሾቹ አዲስ ናቸው፣ ነገሩን አያውቁትም፤ «እናት ዓለም፣ የድሮ ነገር ነው፣ ይተዉት» አሉኝ። አለቃ ጥበቡ ግን ነበሩ፤ አርጅተው፣ ተደግፈው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ከዘራቸውን መሬት ላይ አኖሩና፣ «ብረት ስታገለግል ብዬዋለሁ» አሉ። ደብዳቤው ሲጻፍ በመጀመሪያ የፈረሙት እሳቸው ናቸው።

ደብዳቤውን በላስቲክ ጠቅልዬ ደብረ ወርቅ ወሰድሁት። ወይዘሮ አስካለ በሩን ገርበብ አድርገው በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ግቢ አላሉኝም። እኔም አልጠበቅሁም። በሩ ተዘጋ።

መሄድ ሲገባኝ እግሬ እምቢ አለኝ። ከውስጥ ልጆቹን ሰበሰቧቸው። ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ፤ የመዝገቡ መጥፋት ምክንያት የአቶ ይትባረክ ሥራ እንዳልነበረ፣ የጻፉት ፕሮግራም ጉድለት እንዳልተገኘበት፣ ጉባኤው በሰው ፊት ስላሳፈራቸው ይቅርታ እንደሚጠይቅ። የኔ ስም ያለበት ሲደርሱ ድምፃቸው ቆመ። ስሜን አነበቡት። ከዚያ አንደኛው ልጅ፣ «እማዬ፣ እስቲ ከላይ ጀምሪው» አለ፤ እሳቸውም ከላይ ጀመሩት።